ውሃው ከፈላ በኋላ ከሰል መጨመር፦ የእናቴ ንፍሮ ያስነሳው ክርክር

ጥያቄውን የለጠፍኩት ቅዳሜ ማታ ነው፤ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች የምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ። የነገሩ መነሻ የእናቴ ንፍሮ ነው።

እናቴ ደሴ ውስጥ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምትኖረው። የዚያን ቀን ባቄላና ስንዴ ጥዳ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ድስቱ ይንተከተካል። አረፋው ክዳኑን እየገፋ ይገነፍላል፤ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል ጭስ ይላል። እሷ ግን አሁንም ከሰል ትጨምራለች። ማራገቢያዋን አንስታ ታራግባለች። ቶሎ እንዲበስልላት ነው። ጠዋት የተጣደው ንፍሮ ምሳ ሰዓት ደርሶም ባቄላው ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ማዳበሪያው ውስጥ የነበረው ከሰል ግን በዓይኔ እያየሁት ጎደለ።

እኔም ይህን አየሁና ጻፍኩ። ውሃ አንዴ ከፈላ፣ የፈለገውን ያህል እሳት ቢነድበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል እዚያ 94 ይደርሳል። ከፍ ባልን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ እሳት ሲበዛ የሚፈጥነው የውሃው ማለቅ እንጂ የንፍሮው መብሰል አይደለም። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። የደሴ ንፍሮ ከኮምቦልቻው የሚዘገየው ለዚህ ነው ወይ? እናንተስ በቤትም በሥራም ሙቀትን እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ፣ የትስ ይባክንባችኋል?

እስከ ረቡዕ 31 መልስ መጣ። መድረኩ ላይ የሌሉ ጓደኞቼ ምን ተባለ እያሉ ስለጠየቁኝ በራሴ ቃል እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ ኮምቦልቻ ተወልዳ ደሴ ካገባች እህት ነው። ሰላምታዋ ረጅምና ደስ የሚል ነበር። ደሴ የመጣች ሰሞን ሽምብራ አልበስል ሲላት ከሰል ሻጩ ያታለላት መስሏት እንደነበረ አጫወተችን። ሁለት ጊዜ ከሰል የምትገዛበትን ቦታ ቀይራለች።

2ኛው ወጣት ተማሪ ይመስለኛል። 92 ዲግሪ መሆኑን በራሱ ዓይን ማየት ፈልጎ፣ ቤት ባለው የትኩሳት መለኪያ ማረጋገጥ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። 3ኛዋ ነርስ ናት፤ ወዲያው አስቆመችው። የትኩሳት መለኪያ የሚያነበው እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይበላሻል። የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፈንድቶ ሜርኩሪው ምግቡ ውስጥ ይፈሳል። ይህችን ነርስ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትመለሳለች።

4ኛው እኔን አረመኝ። የኬሚስትሪ መምህር ነው። ቁጥሮቹ ልክ መሆናቸውን አምኖ ድምዳሜዬን ግን አልተቀበለም። የሁለት ዲግሪ ልዩነት መብሰልን ትንሽ ያዘገያል እንጂ ብቻውን ግማሽ ቀን አያስፈጅም። የእናቴ ባቄላ ጎተራ ውስጥ የከረመ ከሆነ ይጠነክራል። ውሃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነም ልጣጩን ያጠነክረዋል። ማታ ተዘፍዝፎ ማደር ደግሞ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣል። እናቴን ጠየቅኋት። ባቄላው የአምና ነው፣ አልተዘፈዘፈም። መምህሩ ልክ ነበር፤ መድረኩ ላይም ይህንኑ ጻፍኩ። 5ኛው ሶዳ ቢጨመርስ አለ። 6ኛዋ ቁንጥር ሶዳ እንደሚያለሰልስ፣ ሲበዛ ግን ጣዕሙን ሳሙና ሳሙና እንደሚያደርገውና ቫይታሚኑንም እንደሚጎዳው አስረዳች።

7ኛው መልስ ላይ ነገሩ ሞቀ። ሰውዬው ተቆጥቷል። እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር አብስለው እንዳሳደጉን፣ ትንሽ ፊዚክስ የቀመሰ ሁሉ ማድቤት ገብቶ እናቱን ልምከር ማለቱ ነውር መሆኑን ነገረኝ። 8ኛው ደግሞ ከእሱ ብሶ መጣ። 7ኛውን በሕይወቱ ከሰል ገዝቶ የማያውቅ፣ የተቀቀለውን ብቻ የሚበላ ሰው አድርጎ ሳለው። እኔ ልመልስ ስል 9ኛው ቀደመኝ።

9ኛው የሰኞ ገበያ እናት ናቸው፤ የጻፈችላቸው ልጃቸው ናት። እኔንም ተቆጪውንም እኩል አረሙን። ንፍሮ ሲንተከተክ እሳቸው ሁለት ሦስት ፍም በጉጠት ያወጣሉ። የቀረውን በአመድ ያለብሱታል። ድስቱ ረመጥ ላይ ቀስ እያለ ይውላል፤ እሳቸውም ሌላ ሥራቸውን ይሠራሉ። ይህን ከእናታቸው ነው የተማሩት። በእጥረት ዘመን ከሰል እንደ ጨው በእፍኝ ይሰጥ ስለነበር፣ የፈላን ድስት የሚያራግብ ልጅ ይገሠጽ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ትንሽም አፈርኩ። እናቶች አያውቁም ማለቴ አልነበረም፤ አጻጻፌ ግን እንደዚያ ያሰማ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁ። 7ኛውም ልብ ብሎ አንብቦ ለእማማ ረጅም ዕድሜ ተመኘ።

10ኛው የቁጥር ሰው ነው፤ ከመልሶቹ ሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝም እሱ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ ደሴ ላይ እስኪፈላ 320 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይበላል። ያንኑ ሊትር አፍልቶ አፍልቶ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ ከ2,250 ኪሎ ጁል በላይ ያስፈልጋል። ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ክዳን ሳንከድን አንድ ሊትር ውሃ ጣራ ላይ ስናተን፣ ሰባት ሊትር የምናፈላበትን ከሰል አብረን አተነነው ማለት ነው። እናቴ የዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ጨምራለች። ቁጭ ብዬ አሰብኩት።

11ኛው አላመነም። 12ኛው ሞክሮ መጣ፤ ክዳኑን ገጥሞ፣ ፍሙን በግማሽ ቀንሶ፣ ውሃው አሁንም ሲፈላ አይቷል። 13ኛዋ ስለሚያፏጨው ድስት፣ ፕሬዠር ስለምንለው አነሳች። የደሴን ከፍታ የሚያሸንፍ ድስት እሱ ብቻ መሆኑን ታምናለች። እንፋሎቱ ታፍኖ ራሱ ውሃውን ስለሚጫነው ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ያልፋል፤ የከረመ ባቄላም ይበገርለታል።

እዚህ ላይ 14ኛው መጣና ወሬውን ከማድቤት አውጥቶ መንገድ ላይ አዋለው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ ጅቡቲ ይመላለሳል። የራዲያተር ክዳን ከፕሬዠር ድስት ጋር አንድ መሆኑን ያስረዳበት መንገድ ደስ ይላል። ክዳኑ ተጭኖ ስለሚይዘው ውሃው ከመፍያው ልክ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። አፋር በረሃ ላይ ሞተር ሲግል ክዳኑን የከፈተ ረዳት ግን የተጫነው ነገር በድንገት ይነሳና ውሃው በአንዴ ፈልቶ ፊቱ ላይ ይፈናጠራል። አንድ የሥራ ባልደረባው አንገቱና ክንዱ ላይ ጠባሳውን ይዞ ነው ያለው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ቀስ አድርጉ ብሎ ለመነን።

ሹፌሩ በዚህ አላበቃም። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ፍሬን ለምን እንደሚሸት ነገረን። ከ600 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ነው። መኪናው ከላይ ይዞት የሚወርደው ጉልበት አይጠፋም፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሙቀት ሆኖ ከበሮውና ሸራው ላይ ይቀራል። 10ኛው ወዲያው አሰላለት። 30 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ቁልቁለት ሲወርድ የሚያወጣው ሙቀት ከ500 ሊትር በላይ የደሴ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት ፍሬን ላይ ሲያርፍ ሸራው ይቃጠላል፣ መያዝም ያቅተዋል። ለዚህ ነው ሐረጎን ከላይ ጀምሮ በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ መውረድ የሚያስፈልገው። ከ15 እስከ 17 ያሉት መልሶች ስንተኛ ማርሽ በሚለው ላይ ተነታረኩ። ሁለቱ ሹፌሮች ናቸው፤ ክርክራቸው ጠንከር ያለ ነበር፣ መስማማትም አልቻሉም። 18ኛው እኔ ነኝ፤ ወደ ምድጃው እንድንመለስ ለመንኩ።

የተመለስነው ግን ወደ ከባድ ነገር ነው። 19ኛው መልስ አጭር ነው። ጸሐፊው አንድ የክረምት ማታ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲያለብሰው፣ ቡና ተፈልቶ ያለቀበትን ማንደጃ ለሙቀት ብሎ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተወው። በሩን ዘግቶ ተኛ። ሌሊት ራሱን እያመመው ነቃ። ሊነሳ ሲል እግሮቹ ከዱት። በደረቱ እየተሳበ በሩ ድረስ ሄዶ በቡጢ መታው፤ ጎረቤት ሰማ። አብራው ትኖር የነበረች እህቱም ተርፋለች፤ ግን ሆስፒታል እስኪደርሱ አልነቃችም ነበር።

20ኛዋ ያቺው ነርስ ናት። ምክንያቱን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ከሰል አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ ባላነሰ ጥንካሬ ስለሚጣበቅ በቀላሉ አይለቅም። ከሁሉ አደገኛው ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ከሰሉ ጭሱ ካለቀና ከጠራ አይጎዳም የሚለው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከተሰማችሁ ማንደጃውን ለማውጣት አትታገሉ፤ መጀመሪያ ራሳችሁ ውጡ። ከዚያ ወደ ሐኪም። 21ኛው ይህን መልስ ኮፒ አድርጎ ለቤተሰቡ ሁሉ እንደላከ ነገረን። እኔም ልኬዋለሁ። እናንተም ላኩት።

ከዚያ በኋላ የሥራ ቦታ ልምዶች መጡ። 22ኛው ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል የሠራ ሰው ነው። እዚያ ውሃ በእሳት አይፈላም፤ ቦይለር የሚያወጣው እንፋሎት በቧንቧ መጥቶ ገንዳውን ያሞቃል። ሠራተኛው ስቲም ነው የሚለው። ቧንቧው በወፍራም መሸፈኛ የተጠቀለለው ሰው እንዳያቃጥል ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው። አንድ ነገር ግን ረጋ ብሎ ነገረን። ቧንቧ ሲያፈስ ነጩ ጉም የሚታየው ከቀዳዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ምንም አይታይም፤ እውነተኛው እንፋሎት እዚያ ነው ያለው። ነጩ ቀድሞ የቀዘቀዘ የውሃ ጠብታ ነው። አዲስ ሠራተኛ ባዶ መስሎት እጁን የሚያስገባው እዚያ ላይ ነው። እንፋሎት ቆዳ ላይ ወደ ውሃ ሲመለስ ያንን 10ኛው ያሰላውን ሰባት እጥፍ ሙቀት እዚያው ያራግፈዋል፤ ከፈላ ውሃ በላይ የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው። የጀበና አፍና የድስት ክዳንም ያው ነው።

23ኛው ደሴ ፒያሳ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያውን ያወጣል። ጣቱን ውሃ ነክሮ ጠብታ ይረጭበታል። ጠብታዋ ችስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ለጥጥ ይሆናል። ካውያው ላይ እንደ ዶቃ ከተንከባለለች ግን በጣም ግሏል፤ ጠብታዋ በራሷ እንፋሎት ላይ ተንሳፍፋ ነው የምትሮጠው። ያኔ ካውያውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ፖሊስተር ሱሪ ላይ ቢያሳርፈው ጨርቁ ቀልጦ ካውያው ላይ ይጣበቃል።

24ኛዋ ኮምቦልቻ ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። የኤሌክትሪክ ምጣዷ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ 35 ባለ መቶ አምፖል በአንዴ እንደማብራት። ስለዚህ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳታቋርጥ ትጋግራለች። ሊጡን፣ ማሰሻውን፣ ሰፌዱን ሁሉ ሳታሰናዳ ማብሪያውን አትነካም። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍታ ነው የምታወጣው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃል። ቀጥሎ የተረፈው ሙቀት ላይ ድርቆሽ ታሰጣለች። እንጀራ ሳይገለበጥ የሚበስለው አክንባሎው እንፋሎቱን ይዞ ላይኛውን ፊት ስለሚያበስለው መሆኑንም ጨመረች፤ ክዳኑ ሳስቶ እንፋሎት ከሾለከ ዓይኑ ላይ ጥሬ ይቀራል።

25ኛው ተናደደባት። ገጠር ላለው ወገኑ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ማውራት ምን እንደሚፈይድ ጠየቀ። ቁጣው ይገባኛል። እሷ ግን አልተቀየመችም። ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ምጣዱ ጋ የሚደርሰው አሥር እጅ ያህል ብቻ መሆኑን፣ በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ግን እንጨቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ራሷም ኤሌክትሪክ ከማስገባቷ በፊት በእሱ ትጋግር እንደነበረ በትሕትና አስረዳችው። አብሽር ብላ ጨረሰች።

26ኛው መልስ የአያቱን ነገር ነገረን። ሴትዮዋ እህል ካፈሉ በኋላ ድስቱን ከእሳት አውርደው፣ ጭድ የሞላ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጠው፣ በጋቢ ጠቅልለው ገበያ ይሄዳሉ። ሲመለሱ በስሏል። 27ኛው ጋቢ እሳት አይደለም፣ በምን ያበስላል ሲል ተሟገተ። 28ኛው መለሰለት። ጋቢ ሙቀት አይሰጥም፤ ያለውን ሙቀት ነው የሚይዘው። ጭዱና የጥጡ ክር መሃል የታሰረው አየር ሙቀት አያሳልፍም። ምግብ ለመብሰል የሚፈልገው ሙቅ ሆኖ መቆየት እንጂ መንተክተክ አይደለም። 29ኛዋ፣ ነርሷ እንደገና፣ ቦሎቄ ላይ አስጠነቀቀች። ቀይ ቦሎቄ መርዛማ ነገር ስላለው፣ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ መጀመሪያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ መፍላት አለበት። ለብ ባለ ሙቀት ብቻ የዋለ ቦሎቄ ሆድ ያሳምማል።

30ኛው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ሞከርኩት። መምህሩ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር አዋሰኝ። የእናቴ ማድቤት ውስጥ ውሃው ሲፈላ 92 ላይ ቆመ። ከሰል ጨመርን፣ አራገብን፤ ፍንክች አላለም። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ድፍን ምስር ለአሥር ደቂቃ አፈላን። ድስቱን ጭድ ያለበት ቅርጫት ውስጥ ከተን፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልነው። ማንደጃውን አመድ አለበስነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንፈታው ክዳኑ በእጅ አይያዝም ነበር። ውስጡ 71 ዲግሪ። እናቴ አንድ ፍሬ አውጥታ በጣቷ ደፈጠጠችው፤ ልጣጩ ተንሸራቶ ወጣ። ዝም ብላ ሌላ አንድ ወሰደች። ያንን ደግሞ ቀመሰችው። በዚሁ መንገድ የሞከርነው ያልተዘፈዘፈ ባቄላ ግን እምቢ አለ፤ እንደገና አፍልቶ መጠቅለል ያስፈልገዋል።

31ኛዋ የመጀመሪያዋ እህት ናት። ቅዳሜ ኮምቦልቻ እናቷ ቤት ትሄዳለች። አንድ ኪሎ ባቄላ ከአንድ ነጋዴ ገዝተን ለሁለት እንድንካፈል፣ አርብ ማታ እንድንዘፈዝፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት እሷ እዚያ እኔ እዚህ እንድንጥድ ሐሳብ አቀረበች። ባቄላውን ዛሬ ገዝቻለሁ፤ የዘንድሮ ነው። ጋቢው የጭስ ሽታ ስለያዘ እናቴ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች።